"አሮጌውን መልሰን እንወስዳለን" ሲሉ ምን እየወሰዱ ነው? የኮምፒውተር አምራቾች ኃላፊነትና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ

ሚዛን

ሰላም ለሁላችሁ። ትልልቆቹ የኮምፒውተር አምራቾች ያገለገለ ዕቃቸውን መልሰው እንደሚሰበስቡ ይናገራሉ፤ በብዙ አገር ሕጉም ያስገድዳቸዋል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። አካሄዱ ካልተቀየረ በ2030 ቆሻሻው 82 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ይገመታል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። "የአምራች የተራዘመ ኃላፊነት" የሚባለውን ስዊድናዊው ቶማስ ሊንድክቪስት በ1990 ለአገሩ የአካባቢ ሚኒስቴር ባቀረበው ጽሑፍ ሲያስተዋውቅ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነበር፦ ዕቃው አገልግሎቱን ሲጨርስ የሚመጣውን ወጪ የሠራው ድርጅት ከተሸከመ፣ ገና ንድፉ ላይ እያለ ለመፍታት የሚቀል ዕቃ መሥራት ይጀምራል። ስዊዘርላንድ በ1994 በኢንዱስትሪው ማኅበር በኩል ተገበረችው። የአውሮፓ ኅብረት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መመሪያ በ2003 ጸና። ጃፓን በዚያው ዓመት ከኦክቶበር ጀምሮ የቤት ኮምፒውተሮችን አምራቾቹ እንዲረከቡ አደረገች። ሜይን በ2004 ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ አምራቾችን ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ አወጣች።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ክፍያው መጣ፣ ንድፉ ግን ባለበት ቀረ፤ እንዲያውም ላፕቶፕ ከ20 ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ለመፍታት ይከብዳል። ምክንያቱ ሕጉ የሚቆጥረው ኪሎ መሆኑ ይመስለኛል። አምራቹም ግዴታውን የሚወጣው ይህን ያህል ኪሎ ቆሻሻ እንዲሰበሰብለት ከፍሎ ነው። ሥራው ውስጥ ያላችሁ በዝርዝር ብታስረዱን። "መንግሥት ይቆጣጠር" ብቻ ብሎ ለሚያልፍ ሰው ቦታ ባንሰጥ ደስ ይለኛል።

---

ሽቦ ቆራጭ

የኪሎውን ነገር በቁጥር ላሳይ። በአውሮፓ ከኦገስት 15 ቀን 2018 ጀምሮ ላፕቶፕ የሚመደበው ከ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ስክሪን ካላቸው ዕቃዎች ጋር ነው። በዚህ ምድብ ከተሰበሰበው ክብደት 70 በመቶው ለድጋሚ አገልግሎት መዘጋጀት ወይም ሪሳይክል መደረግ አለበት። ስሌቱ በምድቡ ድምር እንጂ በእያንዳንዱ ዕቃ አይደለም፤ ስለዚህ የአሮጌ ቴሌቪዥን ብረትና መስታወት የላፕቶፑን ጉድለት ይሸፍናል።

አሁን ወደ ቦርዱ እንምጣ። አንድ ቶን የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ወደ 200 ግራም ወርቅ ይይዛል። 250 ግራም የሚመዝን የላፕቶፕ ቦርድ ላይ ያለው ታዲያ 0.05 ግራም ገደማ ነው። ይህ ወርቅ ወጣም ጠፋም የ70 በመቶው ስሌት ንቅንቅ አይልም። የባትሪው ኮባልት፣ የድምጽ ማጉያውና የሃርድ ዲስኩ ኒዮዲሚየም፣ የካፓሲተሩ ታንታለም ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ለማውጣት አስቸጋሪ የሆነው ሁሉ በክብደት ኢምንት ነው፤ ለማውጣት ቀላል የሆነው ብረትና አሉሚኒየም ደግሞ ሚዛኑን ይሞላል።

ሥራው ላይ የሚመጣው ውጤት እንዲህ ነው። ኪሎ ብቻ የሚፈለግበት ፋብሪካ ባትሪውን ያወጣና የቀረውን እንዳለ ወደ መክተፊያ ማሽን ይጥላል። ቦርዱ ሲከተፍ ተሰባሪ ስለሆነ በብናኝ መልክ ብረቱ ላይ፣ አሉሚኒየሙ ላይ፣ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል። በ2009 በታተመ አንድ ልኬት፣ እንዲህ ባለ ፋብሪካ ከገባው ወርቅና ፓላዲየም ወደሚወጣበት ክፍል የደረሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ቀሪው ከብረቱ ጋር ወደ ብረት ማቅለጫ ሄዶ እዚያው ይቀራል።

በእጅ የሚፈታበት ቅደም ተከተል ደግሞ ይህን ይመስላል፦

መጀመሪያ ይመዘናል፣ መለያ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ይነሳ እንደሆነ ይሞከራል። የሚነሳ ከሆነ ከዚህ መስመር ይወጣል። ቀጥሎ ባትሪው ይወጣል፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪም አትረሳም፣ ብዙ ጊዜ የምትረሳው እሷ ናት። ከዚያ ዲስኩ፣ ራሙ፣ ማቀዝቀዣው፣ ቦርዱ። ስክሪኑ ለብቻው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ መመሪያ 7ኛ አባሪ የግድ ተለይተው ይውጡ የሚላቸው ውስጥ ባትሪ፣ ሜርኩሪ ያለበት አካል፣ ከ10 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርድ፣ የቶነር ዕቃ፣ ብሮሚን ያለበት ፕላስቲክ፣ የውጭ ኬብል፣ ቁመቱ ወይም ውፍረቱ ከ25 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ አደገኛ ንጥረ ነገር ያለበት ካፓሲተር ይገኙበታል።

---

ጀማሪው

@ሽቦ ቆራጭ ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ከማዕድን ማውጫ የሚወጣ ድንጋይ በቶን ጥቂት ግራም ወርቅ ብቻ እያለው ያዋጣል። ቦርድ በቶን 200 ግራም ካለው ሪሳይክል የሚያደርጉት ሰዎች ለምን ክፍያ ይጠይቃሉ? መክፈል የነበረባቸው እነሱ አይደሉም?

---

ማቅለጫ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ቦርድ በርግጥ ይገዛል። የማይገዛው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ዋጋ ያለው ቦርድ አለ፣ ወጪ የሚያስወጣ ስክሪን አለ፣ እሳት የሚያስነሳ ባትሪ አለ፣ ማንም የማይፈልገው ብሮሚን ያለበት ፕላስቲክ አለ። ጥሩውን ብቻ ለቅሞ ሌላውን የሚጥል ሰው ሁልጊዜ ያተርፋል። ሁሉንም በሥርዓቱ የሚጨርስ ግን የቦርዱ ገቢ የስክሪኑንና የፕላስቲኩን ወጪ ላይሸፍንለት ይችላል። የአምራቹ ክፍያ የሚያስፈልገው ለዚህ ልዩነት ነው።

ቦርዱ ራሱ የሚሄድባቸው ትልልቅ ማቅለጫዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ቤልጅየም ሆቦከን ያለው ኡሚኮር፣ ስዊድን ውስጥ የቦሊደን ሮንሻር፣ ጃፓን ውስጥ የዶዋ ኮሳካ። የሚቀበሉት በቶን ነው። ዕቃው ሲደርስ ይከተፋል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ላቦራቶሪ ይመረምረዋል፣ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይሰላል። ከሚከፈለው ላይ የማቅለጫ ዋጋ ይቀነሳል፤ ቦርዱ ላይ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ተረስቶ ከመጣ ተጨማሪ ቅጣት አለ። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ ቦርድ የያዘ ሰው በቀጥታ ሊሸጥላቸው አይችልም፤ መሀል ላይ ሰብሳቢ ይገባል።

ሂደቱን ባጭሩ፦ ቦርዱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል ምድጃ ከመዳብ ጋር ይቀልጣል። የቦርዱ ፕላስቲክ እዚያው ነድዶ ከፊል ነዳጅ ይሆናል። የሚወጣው ጋዝ ወዲያው ካልቀዘቀዘና ካልተጣራ ከብሮሚኑ የተነሳ ዳይኦክሲን መሰል መርዝ ይፈጠራል። የማቅለጫው ውድ ክፍል እንግዲህ ምድጃው ሳይሆን የጋዝ ማጽጃው ነው። ወርቅ፣ ብርና ፓላዲየም መዳቡን ተከትለው ይወርዳሉ። መዳቡ በኤሌክትሪክ ሲጣራ ከሥር በሚቀረው ጭቃ ውስጥ ይከማቹና ለየብቻ ይወጣሉ።

አሁን ልብ በሉ፦ አሉሚኒየም፣ ታንታለምና እንደ ኒዮዲሚየም ያሉት ብርቅዬ ምድራውያን ብረቶች መዳቡን አይከተሉም። ከላይ በሚንሳፈፈው ስላግ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። በዓለም ምርጡ ማቅለጫም አያወጣቸውም። ከብርቅዬ ምድራውያን ፍላጎት ውስጥ ከኤሌክትሮኒክስ ሪሳይክል የሚሸፈነው 1 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ግራም ማግኔት አለ። ከመከተፉ በፊት በእጅ ካልወጣ ዱቄቱ የመክተፊያው ግድግዳና ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ማግኔት ነውና።

---

ደንብ አዋቂ

@ሚዛን ምርመራህ ትክክል ነው፤ ኪሎው ግን የበሽታው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ክፍያው የሚከፋፈልበት መንገድ ነው።

የ2003ቱ የአውሮፓ መመሪያ ከኦገስት 13 ቀን 2005 በኋላ ለገበያ ለሚቀርብ ዕቃ "እያንዳንዱ አምራች የራሱን ዕቃ ቆሻሻ ወጪ ይሸፍናል" የሚል ድንጋጌ ነበረው። የሊንድክቪስት ሐሳብ በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይኸው ነው። ወደ አገሮቹ ሕግ ሲወርድ ግን በብዙ ቦታ ወደ ጋራ ማኅበር ተለወጠ። አምራቾች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ማኅበሩ ሁሉንም ቆሻሻ በአንድ ያሰበስባል፤ ወጪው በዚያ ዓመት እያንዳንዱ በሸጠው ክብደት ልክ ይካፈላል።

ይህ ምን ያደርጋል? ባትሪው በአራት ብሎን የሚፈታ ላፕቶፕ የሚሠራ ድርጅትና ባትሪውን በሙጫ የሚለጥፍ ድርጅት እኩል ከሸጡ እኩል ይከፍላሉ። የመጀመሪያው በንድፉ ያዳነው የሥራ ሰዓት ለማኅበሩ ገባ፤ ማኅበሩ ለሁሉም አካፈለው። ለተፎካካሪው ጭምር። እንዲህ ሆኖ ሳለ ንድፉን የሚያሻሽል ድርጅት ካለ ከሕጉ ግፊት ሳይሆን ከራሱ ፍላጎት ነው።

በጋራ የመክፈሉ ምክንያት ግን ከንቱ አይደለም። አምራቻቸው የከሰረ ወይም የማይታወቅ "ወላጅ አልባ" ዕቃዎች አሉ፤ የአንድን ድርጅት ዕቃ ከክምር ውስጥ መለየት ራሱ ወጪ ነው። የመስመር ላይ ሻጮች ችግርም አለ፦ ከሌላ አገር በቀጥታ ለገዢው የሚልክ ሻጭ የትም ካልተመዘገበ ቆሻሻው የሌሎቹ ዕዳ ይሆናል።

መሀከለኛው መንገድ ክፍያውን በንድፍ ማበላለጥ ነው። ፈረንሳይ በዚህ ቀድማ ሄዳለች፦ ማኅበሩ ውስጥም ሆኖ ለመጠገን የሚቀለው ይቀነስለታል፣ የሚከብደው ይጨመርበታል። በተጨማሪ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ላፕቶፕ ከ10 የተሰጠ የመጠገን ነጥቡ ዋጋው አጠገብ ይለጠፋል። ነጥቡ የሚሰጠው በአምስት መስፈርት ነው፦ የጥገና ሰነድ፣ የመፈታት ቅለት፣ የመለዋወጫ መገኘት፣ የመለዋወጫው ዋጋ ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር፣ እና ለዕቃው ዓይነት የተለየ መስፈርት። ጉድለቱ ነጥቡን የሚሞላው አምራቹ ራሱ መሆኑ ነው፤ የሰነዱ ነጥብ ከፍ ብሎ የመፈታቱን ዝቅተኛ ነጥብ ሊጋርደው ይችላል።

---

ብሎን

ከንድፍ በኩል የሚያስቸግሩትን ልዘርዝር፤ "ለመፍታት ከባድ" ሲባል ብዙ ሰው ሙጫ ብቻ ይመስለዋል።

ራሙና ዲስኩ ቦርዱ ላይ የተበየደ ላፕቶፕ አንዲት የማስታወሻ ቺፕ ስትበላሽ መላው ቦርዱ ይጣላል። ድሮ በሁለት ደቂቃ የሚለወጥ ነገር ነበር። ልዩ ጭንቅላት ያለው ብሎን ካቻቢቴ መለወጥ ብቻ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ያን ያህል ሊወራበት አይገባም። የከፋው ብሎኑን የሚይዝ የናስ ቀለበት በሙቀት የተቀበረበት ፕላስቲክ ነው፦ ብሎኑ ቢፈታም ናሱ ከፕላስቲኩ አይወጣም፤ ፕላስቲኩም ንጹሕ ተብሎ አይሸጥም። ቀለም የተቀባ፣ ጎማ የተለበጠ፣ ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ አንድ ላይ የተቀረጸበት ክዳንም እንዲሁ።

ጥቁር ቀለም ሌላ ችግር ነው። ፕላስቲክ የሚለዩት ማሽኖች በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይሠራሉ፤ በካርቦን የጠቆረ ፕላስቲክ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ማሽኑም ምንም አያይም። የኮምፒውተር ፕላስቲክ ደግሞ አብዛኛው ጥቁር ነው። ማጥቆሪያውን መለወጥ አምራቹ ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነበር።

ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ አካል ከአሉሚኒየም ጋር ተሳስቶ ከገባ አሉሚኒየሙን ያበላሻል፤ ሲከተፍ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝም ይቀጣጠላል። ሁለቱን በዓይን መለየት ይከብዳል። ክፍሉ ላይ የቁሱ ምልክት ከተቀረጸ ግን በሰከንድ ይለያል።

ሶፍትዌሩን ደግሞ አትርሱ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያቆም ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ግድ ነው። ምንም ሳይጎድላቸው "አሮጌ" የተባሉ ማሽኖች ብዙ ናቸው። ጉግል በ2023 የክሮምቡክ ዝማኔን ወደ 10 ዓመት አራዘመ። ያ ውሳኔ ብዙ የመሰብሰቢያ ሣጥን ከመትከል የበለጠ ቆሻሻ የሚቀንስ ይመስለኛል። ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው ገና ሲመረት የወጣ ነውና።

---

ተከራካሪ

አምራቾቹ ምንም አልሠሩም ማለት ግን ፍትሐዊ አይደለም። ኤችፒ ሪሳይክል የጀመረው በ1987 ነው፤ ያኔ ሕግ አልነበረም። ዴል በ2014 ከአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የወጣ ፕላስቲክን መልሶ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ማዋል ጀምሯል። አፕል በ2018 ያስተዋወቀው ዴዚ የተባለ ሮቦት በሰዓት 200 አይፎን ይፈታል። በአውሮፓም ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ እርሳስ፣ ሜርኩሪና ሌሎችም በክብደት ከ0.1 በመቶ፣ ካድሚየም ከ0.01 በመቶ እንዳይበልጡ ሲደነገግ ኢንዱስትሪው በሞላ ጎደል በመላው ዓለም ወደ እርሳስ አልባ ብየዳ ዞሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

---

ሽቦ ቆራጭ

@ተከራካሪ የእርሳሱን ጉዳይ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም የሚዛንን ነጥብ ያጠናክራል። እዚያ ሕጉ የቆጠረው ኪሎ ሳይሆን ቁሱ ላይ ያለውን ንጥረ ነገር ነው። ውጤቱም ንድፍ ላይ ታየ።

ሮቦቱን ግን እናስላው። በሰዓት 200 ከሆነ፣ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ሳያቆም ቢሠራ 1,752,000 ስልክ ነው። ድርጅቱ በዓመት የሚሸጠው ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነው። ደግሞም የሚፈታው የራሱን የተወሰኑ ሞዴሎች ብቻ ነው። ላፕቶፕ ሲሆን የሞዴሉ ብዛት ከዚያ ይብሳል፤ ስለዚህ ለብዙ ዓመት በካቻቢቴ መሥራታችን አይቀርም።

---

ሴል

ባትሪው ብዙ ጊዜ ስለተነሳ ሥራውን ላስቀምጥ፤ ሪሳይክል ፋብሪካ ላይ የሚነሳው እሳት ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ የገባ ሊቲየም ባትሪ ነው።

የተጣበቀ ባትሪ ለማውጣት፦ ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ ቻርጁ ከ30 በመቶ በታች እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ባነሰ ቁጥር እሳቱ ይቀንሳል። አጥፍተው ከኃይል ይንቀሉት። ክዳኑን ከከፈቱ በኋላ ሌላ ነገር ሳይነኩ የባትሪውን ማገናኛ ከቦርዱ ያላቅቁ። የሚጎተት ማጣበቂያ ካለው ጫፉን ይዘው ከባትሪው ጋር ሊተኛ በተቃረበ አቅጣጫ በዝግታ ይሳቡት፤ ወደ ላይ ከሳቡት ይበጠሳል። ከተበጠሰ ወይም ከመጀመሪያውም ሙጫ ከሆነ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጠብታ ከሥሩ አስገብተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይተዉት። ቀጥሎ ቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ያስገቡ። ብረት በጭራሽ። ባትሪው መታጠፍም የለበትም፤ ውስጡ ያሉት ንጣፎች ሲነካኩ አጭር ግንኙነት ይፈጠራል።

ያበጠ ከሆነ አይብሱት፣ አይጫኑት፣ ጋዙን ለማስወጣት አይሞክሩ። ጋዙ ይቀጣጠላል፤ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አለበት። መሞቅ ወይም መጭጨት ከጀመረ ሰውን ማራቅ ይቀድማል። ሌላ ባትሪ አጠገቡ ካለ በብዙ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ትንሽ ውሃ ግን ዋጋ የለውም።

ማከማቻው፦ የባትሪው ጫፍ በማይመራ ቴፕ ይሸፈናል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ደረቅ አሸዋ ወይም ቬርሚኩላይት ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ይደረደራል። ክዳኑ ድርግም ብሎ አይታሸግ፤ ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ከአንድ የንድፍ ውሳኔ ነው። የአውሮፓ የባትሪ ደንብ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃ ውስጥ ያለ ባትሪ ተጠቃሚው በገበያ ላይ በሚገኝ መሣሪያ፣ ያለ ሙቀትና ያለ ማሟሟያ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን ያዛል። የተወሰኑ ዕቃዎች በልዩ ሁኔታ ይቀራሉ፤ ተራ ላፕቶፕ ግን ከነሱ ውስጥ አይደለም።

---

ባዶ ዲስክ

ደህና ማሽኖች ለምን እንደሚከተፉ ማንም አላነሳም። ትልቁ ምክንያት የመረጃ ፍርሃት ነው። ድርጅቶች "ዲስኩ ይሰባበር" ብለው ውል ይፈርማሉ፤ ዲስክ የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ በቀላሉ ገዢ አያገኝም።

ለሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ሙሉ መደምሰስ፣ ከዚያም ማረጋገጥ ይበቃል። ሰባት ዙር የሚለው ከድሮ የቀረ ልማድ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ይለያል፦ ተቆጣጣሪው መረጃውን በየቦታው ስለሚያዘዋውር በላዩ ላይ መጻፍ ሁሉንም ሕዋስ አይደርስም። የዲስኩን የራሱን የመደምሰሻ ትዕዛዝ ወይም የምስጠራ ቁልፉን ማጥፋት መጠቀም ነው። የማግኔት ማጥፊያ ኤስኤስዲ ላይ ምንም አያደርግም። መሰባበር የግድ ከሆነም ለሃርድ ዲስክ የሚሆነው መክተፊያ ለኤስኤስዲ አይሆንም፤ ቺፑ ትንሽ ስለሆነ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የርቀት መቆለፊያ ነው። የቀድሞው ባለቤት ማሽኑን ከድርጅቱ የአስተዳደር ሥርዓት ሳያስወጣ ከሰጠው ዲስኩ ቢለወጥም ሲነሳ ተመልሶ ይቆለፋል። ማሽኑ ሲነሳ የሚጠየቀው የባዮስ የይለፍ ቃልም እንዲሁ። ቁልፉ በአምራቹ እጅ ስለሆነ፣ ዕቃው እንዳልተሰረቀ ለሚያረጋግጥ አዳሽ ድርጅት የሚከፈትበትን መንገድ ማበጀት የአምራቹ ኃላፊነት አካል መሆን ነበረበት። የማውቃቸው የሪሳይክል ሕጎች ግን ስለ ኪሎ እንጂ ስለ ቁልፍ ሲናገሩ አልሰማሁም።

---

መርከብ

"ለድጋሚ አገልግሎት" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ኮንቴይነር ላንሳ። ድንበር የሚሻገር አደገኛ ቆሻሻን የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ባዝል ኮንቬንሽን፣ በ1989 ተፈርሞ በ1992 ጸና። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አደገኛ የሆነውም ያልሆነውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ከተቀባዩ አገር የቅድሚያ ፈቃድ ውጭ ድንበር እንዳይሻገር ሆኗል። ያገለገለ ዕቃ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ክፍተቱ እዚያ ነው። የአውሮፓው መመሪያ በ6ኛ አባሪው ማረጋገጫ ይጠይቃል፦ የሽያጭ ሰነድ፣ እያንዳንዱ ዕቃ እንደሚሠራ የተሞከረበት መዝገብ፣ ቆሻሻ አለመሆኑን የሚገልጽ ፊርማ፣ ከጉዳት የሚከላከል አስተሻሸግ። ሳይታሸግ የተቆለለ ሞኒተር ካያችሁ ቆሻሻ ነው፤ ሰነዱን ማየት አያስፈልግም።

መድረሻው የት እንደነበረ የታወቀ ነው። ቻይና ውስጥ በቀደሙት ዓመታት ጉዪዩ የተባለችው ከተማ፣ ጋና ውስጥ እስከ 2021 የነበረው የአግቦግብሎሺ የቆሻሻ መፍቻ ሰፈር። መዳቡን ለማግኘት ኬብል ሲቃጠል የፒቪሲ ፕላስቲክ ልባሱ ዳይኦክሲን ያወጣል፤ ቦርድ በአሲድ ሲነከር ወርቁ ይገኛል፤ የቀረው ፈሳሽ ከነመዳቡና ከነእርሳሱ አፈር ውስጥ ይገባል።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። የ2025ቱ ደንብ በሌላውም አቅጣጫ ይሠራል። በእጅ መፍታት ጥራት ያለው ሥራ ነው፣ የሰው ጉልበት ባለበት አገር ያዋጣል፤ ማቅለጫው ግን ሩቅ ነው። በደንብ የተለየ ቦርድ ከዚያ አገር ወደ ማቅለጫው ለመላክ ዕቃው የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ወራት ይፈጃል። ወራት የጠበቀ ሰው ቦርዱን አሲድ ለሚነክረው ጎረቤቱ ይሸጠዋል። አምራቾች ኃላፊነታቸውን ከምር ከያዙት ገንዘባቸው ቢውል የምመርጠው እዚህ ነው፦ ፈቃዱን የሚያስጨርስ ሰው፣ ብዙ ቶን እስኪሞላ ድረስ ለፈታው ሰው ቅድሚያ የሚከፍል ተዘዋዋሪ ገንዘብ።

---

ሚዛን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ ኮምፒውተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሕጉ እስኪስተካከል ሳይጠብቅ ውሉ ውስጥ ሊያስገባ የሚችለውን ከዚህ ውይይት ለቅሜያለሁ፦ ባትሪና ዲስክ በተራ ካቻቢቴ የሚለወጡ መሆናቸው፤ መለዋወጫ የሚቀርብበት ዓመት በቁጥር መጻፉ፤ መልሶ ሲወሰድ በመለያ ቁጥር ዝርዝር ርክክብ መደረጉ፤ ስንቱ ታድሶ እንደተሸጠ፣ ስንቱ እንደተፈታ የሚያሳይ ሪፖርት፤ ለቦርዱ ደግሞ የመጨረሻው ማቅለጫ የክብደት ደረሰኝ። የሰብሳቢው "በአግባቡ ተወግዷል" የምትል አንድ ገጽ ምስክር ወረቀት አትበቃም። የጎደለ ካለ ጨምሩ።

---

ደንብ አዋቂ

ጨምር፦ ሰብሳቢው ለሌላ ሰው ካስተላለፈው ተቀባዩ ማን እንደሆነ የማሳወቅ ግዴታና ሳይነገር የመጎብኘት መብት። ይህን አንቀጽ አልፈርምም ያለ ሰብሳቢ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው።

---

ጀማሪው

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሜርኩሪ ያለበትን ስክሪን ሳይከፍቱ መለየት ይቻላል?

---

ሽቦ ቆራጭ

ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ ግን ፍንጭ አለ። ከጀርባው ያለው መለያ ላይ የስክሪኑን ሞዴል ፈልግና የብርሃኑን ዓይነት አጣራ። ከ2010 በፊት የተሠራና ወፍራም ከሆነ ሜርኩሪ ያለበት መብራት ይኖረዋል ብለህ ያዘው። ክዳኑ ከተከፈተ ነገሩ ቀላል ነው፦ ከስክሪኑ ጎን ሮዝና ነጭ ወይም ሰማያዊና ነጭ ሁለት ሁለት ሽቦ ወጥቶ ትራንስፎርመር ወዳለበት ቦርድ ከገባ ባለ ሜርኩሪ ነው። በላፕቶፕ ላይ ያ ቦርድ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከስክሪኑ ሥር ይቀመጣል፣ መብራቱም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የጠረጴዛ ሞኒተር ላይ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በአንዱ መብራት ውስጥ ያለው ጥቂት ሚሊ ግራም ነው፤ ቱቦው የመጻፊያ እርሳስ ያህል እንኳ አይወፍርም፣ ስክሪኑ ሲጣመም ይሰበራል። ስለዚህ ስክሪኖቹን አታነባብር፣ በጠርዛቸው አቁመህ ደርድር። ከተሰበረ መስኮት ክፈት፣ በመጥረጊያም ሆነ በቫኪዩም አትጥረግ፣ ጓንት አድርገህ ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት አንሳና ብናኙን በቴፕ ለቅመህ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ዝጋው።